ከፍታው በነጻ፣ ፍሬኑ በዋጋ፦ የአዲስ አበባ ዳርቻና የፍርሃት መዝናኛ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ዳገቱ ሳይጋመስ ጆሮው ይደፈናል፤ ምራቁን ሲውጥ ይከፈትለታል። የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ ሊፍት ውስጥ የገባ ጎብኚም የሚሰማው ይኸው ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የእንጦጦ ሸንተረር ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 860 ሜትር ያህል ይሆናል። ቡርጅ ኸሊፋ እስከ ሹል ጫፉ ቢለካ 828 ሜትር ነው፤ ጎብኚ ቆሞ የሚያይባቸው ፎቆች ደግሞ ከዚያ በታች ናቸው፦ 124ኛው 452 ሜትር፣ 148ኛው 555 ሜትር ላይ። እንግዲህ እንጦጦ ላይ ቆሎ እየቆረጠመ ቦሌን ቁልቁል የሚያይ ሰው፣ በውድ ቲኬት ሊፍት ተሳፍሮ ከወጣው የዱባይ ጎብኚ በላይ ቆሟል ማለት ነው።

ግን ጉልበቱ አይብረከረክም። ዓለም ላይ የሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች መመልከቻ ሰገነቶች የሚሸጡት ደግሞ ይህንኑ መብረክረክ ነው። አዲስ አበባም ወደዚያ ገበያ እየገባች ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ዚፕላይንን፣ ማለትም በተዘረጋ የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል መንሸራተትን፣ ለብዙ የከተማዋ ነዋሪ አስተዋውቋል። የካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ የረጅም ሕንፃ ጉጉትን ከፍ አድርጎታል። በከተማዋ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከእንጦጦ እስከ የካ ተራራና ሱሉልታ ባለው ቀበቶ፣ መሬት ያለውና ዳገት የሚያይ ባለሀብት ሁሉ የመስታወት ወለል፣ የገደል ዥዋዥዌ፣ ረጅም ዚፕላይን ያስባል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ስሌቱ ግን ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ቦታ ይጀምራል፤ ከቁመቱ። ቁመቱን ተፈጥሮ ሰጥታናለች። ገንዘብም ዕውቀትም የሚጠይቀው የወጣውን ሰው ማቆምና ማውረድ ነው፤ ይህ ደግሞ 3,000 ሜትር ላይ በባሕር ጠለል ከፍታ እንደሚሠራው አይሠራም።

ፍርሃት ከጠርዝ ይመጣል

ሰው ቆሞ ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ነገር ነው፦ በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮውና በውስጠ እግሩ። ቀጥ ብለን ቆመናል ስንል እንኳ ሰውነታችን ወዲያና ወዲህ ጥቂት ይላል። ዓይን ይህን የሚይዘው ቅርብ ያሉ ነገሮች ቦታቸውን ሲቀያይሩበት ነው። ቅርብ ያለው ሁሉ ጠፍቶ የሚታየው መቶና ሁለት መቶ ሜትር ታች ያለ መሬት ብቻ ሲሆን፣ ዓይን ያንን ጥቃቅን እንቅስቃሴ መለካት ያቅተዋል። ጆሮና እግር «እየተወዛወዝህ ነው» ይላሉ፣ ዓይን «እኔ ያየሁት የለም» ይላል፤ አእምሮ ማንን እንደሚያምን ይቸግረዋል። እንጦጦ ላይ ተዳፋቱ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ዓይን ምንጊዜም የሚደገፍበት ቅርብ ነገር አያጣም። 860 ሜትሩ አለ፣ ጠርዙ የለም።

የፍርሃት መዝናኛ ሙያ በአጭሩ ያንን ቅርብ መደገፊያ መንጠቅ ነው። የቶሮንቶው ሲኤን ታወር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በ1994 በ342 ሜትር ከፍታ ላይ የመስታወት ወለል ጨመረ፣ በ2011 ደግሞ 356 ሜትር ላይ፣ 1.5 ሜትር ስፋት ባለው ጠርዝ፣ ጎብኚዎች ከላይ በገመድ ታስረው እጃቸውን ለቀው የሚዞሩበትን ጉዞ ጀመረ። የቺካጎው ዊሊስ ታወር በ2009 ከ103ኛ ፎቁ 1.3 ሜትር ወደ ውጭ የወጡ የመስታወት ሳጥኖች ሠራ። እዚያው ቺካጎ ያለው የቀድሞው ሃንኮክ ሕንፃ በ2014 ስምንት ሰው በየመስኮቱ አቁሞ ከነመስታወቱ 30 ዲግሪ ወደ ውጭ የሚያዘነብል ማሽን ተከለ። እዚህ ሁሉ ላይ ቁመቱ አልተነካም፤ ከዓይን ፊት የተነሳው መደገፊያው ብቻ ነው።

ይህን ያወቀ ጎብኚ ራሱን መርዳት ይችላል። የመስታወት ወለል ላይ ሲቆሙ መጀመሪያ መከላከያውን ወይም አጠገብ ያለውን ሰው አይቶ ቀስ በቀስ ወደ ታች ማየት ይሻላል። መከላከያውን በአንድ ጣት መንካት ብቻውን የሰውነትን ውዝዋዜ ይቀንሳል፤ ጨምቆ መያዝ አያስፈልግም። ወደ ላይ ቀና ብሎ የሚሮጥ ደመና ማየትና ካሜራን አቅርቦ ቁልቁል መቅረጽ ግን ያጥወለውላል። ደርሶ መቀመጥም ነውር የለውም።

የተበላሸው ምን ነበር?

የፍርሃት መዝናኛ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «መስታወቱ ቢሰበርስ?» ነው። እስካሁን የታዩት ብልሽቶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነገር ነው።

ግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. የዊሊስ ታወር ሳጥን ወለል ሰዎች ቆመውበት ሳለ ተሰነጣጠቀ። የተሰነጠቀው መስታወቱን ከጭረት ለመከላከል የተደረበው ስስ ሽፋን ነበር፤ ሸክሙን የያዘው መስታወት ምንም አልሆነም። በዚያው ወር ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ፒያን ተራራ ላይ ባለ የመስታወት ድልድይ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ነፋስ የወለል መስታወቶችን ነቃቅሎ ወሰደና አንድ ጎብኚ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በሕይወት ወጥቷል። አያያዡና ነፋሱ አልተመጣጠኑም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ2016 ከ70ኛ ወደ 69ኛ ፎቅ በሕንፃ ውጭ የሚወርድ 14 ሜትር የመስታወት ሸርተቴ ተከፍቶ ነበር። ፍርድ ቤት የደረሰው አቤቱታ ስለ መስታወቱ አልነበረም፤ ከሸርተቴው መውጫ ላይ ቁርጭምጭሚት ስለ መሰበሩ ነበር። የቻይናው ዣንግጂያጂዬ ድልድይ በዚያው ዓመት ነሐሴ ተከፍቶ በ13 ቀኑ ለጊዜው ተዘጋ፤ በቀን ለ8,000 ሰው ታስቦ የመጣው ብዙ እጥፍ ስለነበረ።

ሽፋን፣ አያያዥ፣ መውጫ፣ ሰልፍ። ገደሉን ሲያይ የሚፈራ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አይፈራም።

መስታወቱ ራሱ በጥንቃቄ ከተሠራ አስተማማኝ ነው። ወለል የሚሆነው ሁለትና ሦስት በሙቀት የጠነከሩ መስታወቶች በመካከላቸው ፕላስቲክ ተጣብቆ እንደ እንጀራ ሲደራረቡ ነው፤ አንዱ ቢሰነጠቅ ሌሎቹ ይይዛሉ። አንድ ስውር ችግር ግን አለ። በሙቀት የጠነከረ መስታወት ውስጥ አንዳንዴ የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት ይቀራል፤ ቅንጣቱ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እያበጠ መጥቶ መስታወቱን ማንም ሳይነካው ያፈነዳዋል። መድኃኒቱ በፋብሪካ ነው፦ መስታወቱን ከመሸጡ በፊት ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ባለ ምድጃ ለሰዓታት ማቆየት፤ የሚፈነዳው እዚያው ይፈንዳ። በኮንቴይነር የሚመጣ መስታወት ይህን ማለፉን የሚያሳይ ሰርተፊኬት ከሌለው ዋጋው ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። በእኛ ዳርቻ ሌላም አለ፤ ጠጠርና አቧራ። ከጥርጊያ መንገድ የመጣ ጫማ ሶሉ ውስጥ የተሰካ ጠጠር መስታወት ይቦጫጭራል፣ የተቦጫጨረ መስታወት ብርሃን ይበትናል፣ ታች ያለው ገደል ይደበዝዛል። የጨርቅ ጫማ ሽፋን ለሁሉም ጎብኚ ካልታደለ ያ ሁሉ ወጪ በአንድ በጋ ወደ ደብዛዛ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ይለወጣል።

ገመዱ ላይ የሚሆነው

ለሰሜኑ ዳርቻ ተፈጥሯዊው መዝናኛ ዚፕላይን ነው፤ ዳገቱ ሞተር አያስፈልገውም። ስለዚህ ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል።

በሁለት ማማ መካከል 300 ሜትር የተዘረጋ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ገመድ እንውሰድ። ከነዕቃው 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው መሃል ላይ ሲደርስ ገመዱ 9 ሜትር ይረግባል እንበል፤ የርዝመቱ 3 በመቶ መሆኑ ነው። ሰውየው ገመዱ ላይ የሚፈጥረው ውጥረት 100 ኪሎ አይደለም። ክብደቱ በርዝመቱ ተባዝቶ ለርግበቱ አራት እጥፍ ሲካፈል 830 ኪሎ ይመጣል። የገመዱ የራሱ ክብደት፣ በሜትር 0.6 ኪሎ ገደማ፣ ሌላ 750 ኪሎ ይጨምራል። ድምሩ 1.6 ቶን አካባቢ ነው። እንዲህ ዓይነት ገመድ የሚበጠሰው ከ8 ቶን በላይ ሲሳብ ስለሆነ አምስት እጥፍ ያህል ትርፍ አቅም አለው።

አሁን ሠራተኛው «ገመዱ ረግቧል፣ ሰው መሃል ላይ እየቆመብን ነው» ብሎ በመወጠሪያው ይጠብቀው። ርግበቱ ወደ 4.5 ሜትር ሲወርድ ውጥረቱ እጥፍ ሆኖ ከ3 ቶን ያልፋል፤ አምስት እጥፍ የነበረው ትርፍ አቅም ከሦስት በታች ይወርዳል። የማማው መሠረትና ማሰሪያው መልሕቅ የሚሸከሙትም አብሮ ይጨምራል። ለዓይን ግን ገመዱ አሁን ነው ያማረው። «የተወጠረ ገመድ ጠንካራ ገመድ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋው ነው። ርግበት የሚለካ ነገር ነው፤ በመዝገብ መጻፍ አለበት፣ በዓይን ግምት አይነካም።

ይባስ ብሎ ርግበቱ በቀን ውስጥ ራሱ ይለዋወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ እንጦጦ ላይ ንጋቱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ ብረቱን ታግለዋለች። ገመዱ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ 300 ሜትሩ በ7 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። 7 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ መሃል ላይ ግን ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ የርግበት ለውጥ ይሆናል። ጠዋት ገመዱ ጠበቅ ስለሚል ተጓዡ መጨረሻው ላይ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ከሰዓት ሲረግብ ቀላል ሰው ሳይደርስ ይቀራል። በቀን አንድ ጊዜ ጠዋት ላይ ብቻ በአሸዋ ከረጢት የሚደረግ ሙከራ የከሰዓቱን ገመድ አይነግርም።

ፍሬኑስ? የብዙ ዚፕላይን ዕቃ መመሪያ የሚጻፈው አየሩ ወፍራም በሆነበት አገር ነው። 3,200 ሜትር ላይ አየር ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ረጅም ገመድ ላይ ፍጥነትን የሚገታው ዋናው ነገር አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ተጓዡ ይፈጥናል፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ሰው እዚህ እስከ 70 ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ 10 ብቻ ይመስላል፤ ፍሬኑ መዋጥ ያለበት ኃይል ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል፤ ጉልበት የሚያድገው ከፍጥነት ካሬ ጋር ነውና። ይህ ወደ ሰውነት ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ በ60 የመጣን ሰው በ10 ሜትር ውስጥ ማቆም የክብደቱን 1.4 እጥፍ ጫና ያሳርፍበታል፣ ይቻላል። በ70 ሲመጣ በዚያው 10 ሜትር ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል። ፍሬኑ ዘግይቶ ይዞ በ3 ሜትር ውስጥ ካቆመው ጫናው 6 እጥፍ ይሆናል፤ አንገት የሚጎዳው፣ እግር ከመድረሻው ማማ ጋር የሚጋጨው ያኔ ነው። ለዚህ ነው መድረሻ ላይ ሁለት የተለያዩ ፍሬኖች የሚያስፈልጉት፦ ዋናውና፣ ዋናው ሳይሠራ ሲቀር ማንም ሳይነካው ራሱ የሚይዝ ሁለተኛ። የሠራተኛ እጅና የተሰቀለ ፍራሽ ሁለተኛ ፍሬን አይባሉም።

ክብደትም እንዲሁ። ከባድ ሰው ፈጥኖ ይደርሳል፣ ቀላል ሰው ነፋስ ከፊቱ ሲመጣበት መሃል ላይ ይቆማል። «ከዚህ ኪሎ እስከዚህ ኪሎ» የሚለው ገደብ ለማሳመሪያ የተለጠፈ አይደለም፤ ሚዛን የሌለበት ትኬት መቁረጫ ገደቡን በግምት ነው የሚያስከብረው።

ስለ ባሕር ዛፉም ሳይነሳ አይታለፍም። ቀጥ ያለና ረጅም ስለሆነ ማሰሪያ የሚያደርገው ሰው አይጠፋም፤ ስሩ ግን በዝናብ በራሰ ተዳፋት ላይ ለቶኖች ውጥረት አይታመንም። ተቆርጦም አይሞትም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጥና በዓመት በሜትር ይመነደጋል። አምና የጸዳ የገመድ መንገድ ዘንድሮ የተጓዥ እግር የሚነካ ቅርንጫፍ ሊኖረው ይችላል።

ጥቁር ደመና ከምሥራቅ ሲመጣ

ከፍታው በነጻ መጥቷል፤ ከእሱ ጋር ግን ፀሐይ፣ ነፋስና መብረቅም ተከትለው መጥተዋል።

የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። የደኅንነት ቀበቶው የሚሠራው ከናይለንና ከፖሊስተር ነው፤ ሁለቱም በፀሐይ ይደርቃሉ። አምራቾች ለጨርቅ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ከፍተኛ ዕድሜ 10 ዓመት ነው፤ በየቀኑ ፀሐይ ላይ የሚውል ቀበቶ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይወገዳል። ቀለሙ የነጣ፣ ሲታጠፍ የሚንኮሻኮሽ፣ ስፌቱ የተበጣጠሰ ቀበቶ አልቆለታል። ማታ ማታ አጥር ላይ ተሰቅሎ የሚያድር ከሆነም ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነፋስ ሸንተረር ላይ ሲወጣ ይጠብና ይፈጥናል፤ ታች ትኬት መቁረጫው ደጃፍ ላይ ጋብ ያለ መስሎ ጫፉ ላይ ይገፈትራል። የነፋስ መለኪያው መቀመጥ ያለበት መነሻ ማማው ላይ ነው፤ መዝጊያ ቁጥሩም አስቀድሞ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፋል። ነፋስ በፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን «ትንሽ ነው የጨመረው» የሚባል ነገር የለም። ገደቡ ያልተጻፈበት ቦታ ላይ የሚወስነው በር ላይ የቆመው ሰልፍ ነው፤ ሰልፍ ደግሞ ምንጊዜም «ቀጥሉ» ይላል።

ክረምት ላይ ነጎድጓዱ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ይመጣል። የብረት ገመድ ሸንተረር ላይ ተዘርግቶ ምን እንደሚጠብቅ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚሠራበት ደንብ ቀላል ነው፦ ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፤ ሥራ ይቆማል። ሥራው እንደገና የሚጀመረው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሲያልፍ ነው። ጎብኚ ለዚህ ሲል በክረምት ጠዋቱን ቢመርጥ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያተርፋል።

ለዕይታ ብቻ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለውን አያሳልፍ። ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ የበጋው ጭጋግና ጢስ ገና አልተነሳም። ያኔ ከጠዋቱ አንድና ሁለት ሰዓት ላይ ከእንጦጦ ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ብቻ ሳይሆኑ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ዝቋላም ይታያል። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀትር ላይ ከተማው ከፀሐይ ሥር ይሆንና ፎቶ ሁሉ ይነጣል። ልብስ ይደረብ፤ ከቦሌ አምስትና ስድስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ከቆላ በዚያው ቀን የመጣ ሰውም ደረጃውን ቀስ ብሎ ይውጣ፤ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከፍታ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው።

ማማ ይሠራ የሚሉት

ዳገት በሌለበት በደቡብና በምሥራቅ ዳርቻ ማማ ገንብቶ ሰገነት መክፈት ይቻላል የሚል ሐሳብም ይነሳል። እዚያ ሁለት ነገር ይቀድማል። አንደኛው ቦሌ ነው፦ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ በትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው 45 ሜትር በላይ የሚወጣ ነገር እንደ እንቅፋት ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ጣሪያው በ5 በመቶ ተዳፋት ሌላ 100 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። ሁለተኛው መሬቱ ነው፤ በአቃቂና በቦሌ ወገን የተዘረጋው ጥቁር ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረት ከሥሩ አልፎ ዐለት መድረስ አለበት። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሱ ርእደ መሬቶች አዲስ አበባ ረጃጅም ፎቅ ላይ ያሉትን ማወዛወዛቸውም አይረሳም። በሰገነት ላይ ሳሉ ሕንፃው ቢወዛወዝ ሊፍት አይጠሩ፤ ከመስታወቱ ራቅ ብሎ ምሰሶ አጠገብ መቆየት ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ እንዲቀጥል ጀነሬተር ይተከላል፤ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የዲዝል ሞተር ግን በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ አቅሙን ያጣል። ከፋብሪካ 200 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ሞተር አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ከ160 ብዙም አይበልጥም። ይህን ሳያሰላ የተገዛ ጀነሬተር ሊፍቱ ሲነሳ ያጓራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሁሉም ተደምሮ ሲታይ፣ በነጻ 860 ሜትር ያላት ከተማ 100 ሜትር ለመግዛት ይህን ሁሉ መክፈሏ አሳማኝ አይደለም።

በር ላይ የሚታይ ነገር

ቀበቶ ሲታሰር ሁለት የተለያዩ ሠራተኞች በየተራ ማየት አለባቸው፤ ያሰረው ሰው የራሱን ስህተት አያይም። የጭኑ ቀለበት ውስጥ ጠፍጣፋ መዳፍ ይገባል፣ ጭብጥ ግን አይገባም፤ ጭብጥ ከገባ ላልቷል። ጠርዝ ላይ ለሚያስኬድ ጉዞ የሚለበሰው ቀበቶ ደረትንም የሚይዝ ሙሉ ሰውነት ቀበቶ ነው፤ በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ከሆነ ኢኤን 361 የሚል ጽሑፍና የተመረተበት ዓመት ተሰፍቶበታል። ካራቢነሩ፣ ማለትም ቀበቶውን ከገመዱ ጋር የሚያያይዘው የብረት ቀለበት፣ ሲጫኑት ብቻ የሚከፈት ከሆነ አይበቃም፤ ማዞርም ማንሳትም የሚጠይቅ መቆለፊያ ይኑረው። ማያያዣ ገመዶቹ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አይፈቱም፤ አንዱ ሲፈታ ሌላው ታስሯል።

ኪስ ባዶ ይሁን። ስልክ ከ30 ሜትር ከወደቀ ታች ያለውን ሰው ይፈነክታል፤ ቁልፍና ሳንቲምም እንዲሁ። የቶሮንቶው ጠርዝ ጉዞ ሰውን ልዩ ልብስ የሚያስለብሰውና ትንፋሽ ለአልኮል የሚመረምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ረጅም ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ረጅም ፀጉር መዘውሩ ውስጥ ይገባል፤ ሄልሜቱ ሥር ይታሰር። ሸርተቴ ጫማ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ግን ትኬት ከመቁረጥ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ «መሃል ላይ ብቆም በስንት ደቂቃ ታወርዱኛላችሁ?» በቀበቶ ተንጠልጥሎ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ሰው ደም እግሩ ላይ ይጠራቀምበታል፤ ራሱን ሊስት ይችላል። እስኪደርሱለት ድረስ እግሩን ደጋግሞ ማንቀሳቀስ፣ ከተቻለም ጉልበቱን ወደ ላይ መሳብ አለበት። የሚያወጡት ሰዎች ግን በደቂቃዎች ውስጥ መድረስ አለባቸው፤ ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት መኪና እስኪወጣ መጠበቅ መልስ አይሆንም። ጥሩ መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ ጊዜውን ይናገራል፣ የማውጫውን መዘውርና ገመድ የት እንደተቀመጠ በእጁ ያሳያል፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተለማመዱበትም መዝገቡን ይገልጣል። «እስካሁን ማንም ቆሞ አያውቅም» ካለ ትኬቱን ሳይቆርጡ ወደ መመልከቻው ሄደው ዝቋላን ቢፈልጉ ይሻላል።